የአገር ውስጥ ወይንና ብራንዲ፦ ለድሬ ሙቀት የቱ? ለሐረር ብርድስ?

ባለፈው ሰኔ ለእህቴ ልጅ ምርቃት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዛሁ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ያው ስም፣ ያው የወይን ዘር፣ ያው ዓመት። አንዱን ከመስኮት መደርደሪያ አንስተው ሰጡኝ። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ሌላውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁት። ባለቤቷ ጓዳ ገብታ ካልተከፈተ ካርቶን አወጣችልኝ።

ምሳ ላይ ጎን ለጎን ከፈትናቸው። የመስኮቱ ጠርሙስ የተቀቀለ ዘቢብ ሸተተ። ቀለሙ ወደ ቡናማ አድልቷል፤ ጉሮሮ ላይም ይሻክራል። የጓዳው ግን ፍሬ ፍሬ ይሸታል፤ ሲጠጡት ለስላሳ ነው። ከእንግዶቹ ግማሾቹ «ይኼማ ሌላ ወይን ነው» ብለው ተከራከሩኝ። ሁለቱን ጠርሙሶች አምጥቼ እስካሳያቸው ድረስ አላመኑም።

ይህን መመሪያ ያጻፈኝ ያ ምሳ ነው። ሰዎች «የትኛው ወይን ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ስም እንድጠራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ድሬዳዋ ውስጥ ከስሙ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጠርሙሱ እስካሁን የት ከረመ? አንተስ የት፣ ከምን ምግብ ጋር ልትጠጣው ነው? የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከታወቀ ምርጫው ቀላል ነው።

ወይኑ ከየት ይመጣል?

የድሬና የሐረር ሱቆች ውስጥ የምናገኛቸው የአገር ውስጥ ወይኖች በብዛት የሁለት አምራቾች ናቸው። አንዱ የቆየው አዋሽ ወይን ጠጅ ነው። ጉደር፣ አዋሽ፣ አክሱማይትና ካሚላ የሚባሉት የእሱ ናቸው። ለረጅም ዓመታት በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ዞሯል። ሌላው ዝዋይ፣ ባቱ ላይ ወይን የተከለው ካስቴል ነው። የመጀመሪያ ጠርሙሶቹ ገበያ የወጡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚሉት ስሞች የእሱ ናቸው። የዝዋዩ እርሻ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት በቦይ ታጥሯል። ለሐረር ሰው የጅብ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ወይን ሲጠብቁበት መስማት ግን እኔንም ደስ ብሎኛል።

ዝዋይ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት። ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ። ስለዚህ ወይኑ ያደገበት አየር ከድሬ ይልቅ ለሐረር ይቀርባል። በእኛ አገር የወይን ተክል እንደ አውሮፓ በክረምት በረዶ አይተኛም። መቼ ፍሬ እንደሚሰጥ የሚወስነው ቅርንጫፉን የሚከረክመው ሰው መቀስ ነው። ፀሐይ በብዛት ስለሚያገኝ ፍሬው በደንብ ይበስላል። የአገራችን ቀይ ወይን ብዙ ጊዜ ቃናው ሙሉ፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ዝቅ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጭነቱ የአዋሽን ቆላ አቋርጦ ነው የሚመጣው። በሸራ በተሸፈነ መኪና ውስጥ፣ በቀን፣ በግንቦት ምን ያህል እንደሚሞቅ መገመት ይቻላል። አንድ ጠርሙስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። የቀረውን ጉዳት ሱቁና እኛ ካልጨመርንበት ግን ይተርፋል።

ከመግዛታችን በፊት መለኪያዎቹ

*ሙቀት።* ይህን ነው ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ። ወይን ለማቆየት የሚመቸው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ከ25 በላይ ለወራት ሲቆይ ያረጃል። ከ30 በላይ ለሳምንታት ሲቆይ እንደ ተቀቀለ ይሆናል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ትገባለች። ሌሊቱም ብዙም አይበርድም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ያለው ጠርሙስ ከታችኛው በጣም ይሞቃል።

ሁለተኛው የሙቀት ጉዳይ የሚቀርብበት ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። አባባሉ የመጣው ክፍሉ 17 ወይም 18 ዲግሪ ከሆነበት አገር ነው። የድሬ ሳሎን 30 ነው። በ30 ዲግሪ የቀረበ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ቀይ ወይንም ማቀዝቀዣ ይገባል። ክፍል ውስጥ የከረመ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢቆይ ልኩ ላይ ይደርሳል። ነጭና ሮዜ (ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) ግን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ስለሚፈልጉ ከጠዋት ጀምሮ ይግቡ። ከተቸኮለ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅሎ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ መንከር ነው። በረዶ ብቻውን ካለው ይልቅ ውሃ የተጨመረበት ቶሎ ያቀዘቅዛል። መብራት ከጠፋ ደግሞ እናቶቻችን ውሃ እንደሚያቀዘቅዙት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ንፋስ ያለበት ጥላ ማስቀመጥ ይረዳል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ይሠራል።

ሐረር ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ ግማሽ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የጀጎል ቤቶች ውስጥ ወለል ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ በደህና ይከርማል። ለቀይ ወይን እንዲያውም ማቀዝቀዣ ላያስፈልግ ይችላል።

*ጣፋጭነት።* ጠርሙስ ላይ «ድራይ» ወይም «ደረቅ» የሚለው ስኳሩ አልቋል ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ልማድ በሊትር 4 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። «መካከለኛ ጣፋጭ» የሚባለው እስከ 45 ግራም ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በላይ ጣፋጭ ወይን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ደረቅ ወይን ቀምሶ «ይመራል» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ኮካ ይቀላቅላል። ይህን አልነቅፍም፤ ግን ሒሳቡን እንየው። ደረቅ ወይንን እኩል በእኩል ከኮካ ጋር ብትቀላቅሉ በሊትር ከ50 ግራም በላይ ስኳር ይገባበታል። በግልጽ ከጣፋጭ ወይን መደብ ነው። ኮካ የምትጨምሩ ከሆነ ለደረቅ ወይን ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። በቀጥታ መካከለኛ ጣፋጩን ግዙ።

*ምግብ።* ቀይ ወይን ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ጠንካራ ሻይ ጠጥታችሁ ምላሳችሁ ላይ የሚቀረው ድርቀት እሱ ነው። ከሰባ ሥጋ ጋር ታኒን ይስማማል፤ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር ግን ይጣላል። አልኮሉም ታኒኑም ቃጠሎውን ያባብሱታል። ለዶሮ ወጥ ወይም ለሚጥሚጣ ትንሽ ስኳር ያለው ወይን ይሻላል።

*አንድ ብርጭቆ ስንት ይወጣል?* 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት መደበኛ የወይን ብርጭቆ ይሞላል። ያው መጠን ያለው ብራንዲ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ 15 ጊዜ ይቀዳል። የጠርሙሱን ዋጋ ለአምስት ወይም ለ15 አካፍሉ። ብራንዲ ውድ የመሰላችሁ ሰዎች ትገረማላችሁ። ጥንካሬውንም አብራችሁ አስሉ። 40 በመቶ የሆነ አንድ መለኪያ ብራንዲ ውስጥ ያለው አልኮል 12 ወይም 13 በመቶ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ወይን ጋር በግምት እኩል ነው።

*ከተከፈተ በኋላ።* ቤታችሁ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ይህ መለኪያ ትልቅ ነው። ወይን ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ድሬ ላይ ጠረጴዛ ላይ ካደረ በማግስቱ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ብራንዲ ግን ክዳኑ ከተዘጋ ለወራት አይበላሽም።

አማራጮቹን አንድ በአንድ

ደረቅ ቀይ ወይን። የሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን እዚህ ይገባሉ። ሦስቱ የወይን ዘር ስሞች ናቸው። ሜርሎ ለስለስ ያለ ነው። ሲራ ቅመም ቅመም ይላል። ካበርኔ ታኒኑ ጠንከር ያለ ነው። ለጀማሪ ሜርሎን እመክራለሁ። ከሐረር ሰንጋ ጥብስ ጋር ደግሞ ሲራን የሚያህል የለም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ስቡ ያለበት፣ በሸክላ የመጣ፣ ቃሪያው ያልበዛ ጥብስ መሆን አለበት።

ድክመቱ ሙቀት ነው። የአየር ሁኔታችን ይጎዳዋል፤ ጉዳቱም ቶሎ ይታወቃል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የአገር ውስጥ ወይኖች ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመስኮት ተነስቶ የተሰጣችሁን ደረቅ ቀይ ወይን አትግዙ። ከጫት በኋላ ለጨብሲ የምትፈልጉም ይህን አትምረጡ። ጫት ራሱ አፍን ያደርቃል። ታኒን ሲጨመርበት ወይኑ ከልኩ በላይ ይሻክራል። በዚያ ላይ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ስካሩን ቶሎ ስለማያውቀው ከሚገባው በላይ ይጠጣል። ውሃ ጠጡ፤ ምግብ ብሉ፤ ወይኑን ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

ጉደርና መሰሎቹ። ጉደር በብዙ ቤት የመጀመሪያው ወይን ነው። ስሙ ከአምቦ ማዶ ካለችው ከጉደር ከተማ የመጣ ነው። የሠርግ፣ የክርስትናና የበዓል ጠረጴዛ ያለ እሱ አይታሰብም ነበር። ቃናው ቀለል ያለ፣ ጠርዙ ኮምጠጥ ያለ ነው። ውስብስብ ነገር ከእሱ አትጠብቁ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፤ ለብዙ ሰው ሲገዛ ይህ ጥሩ ነው። አምቦ ውሃና የሎሚ ቁራጭ ጨምሮ በረዶ ላይ ማቅረብም ይቻላል። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ፣ በደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ሲመጣ፣ እንዲህ የተቀላቀለ ጉደር ከቢራ ይልቅ ይመቸኛል። ለፓስታ በስጎም ተስማሚ ነው። ድሬ ፓስታን ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ስለምታውቀው ይህን ጥምረት ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገኝም።

መካከለኛ ጣፋጭ፣ ቀይም ነጭም። አካሺያ በዚህ መደብ በብዛት ይገኛል። ድሬ ላይ ለብዙ ሰው የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ስኳሩ በርበሬውን ያበርደዋል። ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ቃናው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይስተካከላል። ወይን ለምዶ የማያውቅ እንግዳም አይሸሸውም። ዶሮ ወጥ፣ ሳምቡሳ፣ በዳጣ የሚበላ ባጂያ፣ ቅመም የበዛበት ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ሁሉም ጋር ይሄዳል። በረዶ መጨመር ነውር የለበትም። የወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ፊቱን ቢያጠቁርም በ36 ዲግሪ ጥላ ሥር የተቀመጠው እሱ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጣፋጭነት ስካሩን ይደብቃል። እንደ ለስላሳ ስለሚወርድ ሁለተኛው ብርጭቆ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። የአልኮል መጠኑ ከደረቁ ብዙም አያንስም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመቶ እዩት።

ነጭና ሮዜ። ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ አዋሽ ክሪስታል፣ የአካሺያ ሮዜ። እውነቱን ለመናገር ለድሬ አየር በተፈጥሮ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው፤ ግን ፈላጊያቸው ጥቂት ነው። «ወይን ማለት ቀይ ነው» የሚለው ልማድ ከባድ ነው። ፈላጊ ስለሌላቸው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ። ነጭ ወይን የሚበላሸው በዚሁ ነው። ቀለሙን በብርሃን እዩት። ፈዛዛ ገለባ ወይም ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ብርቱካንማ ወይም ቡና ቀለም ከሄደ ተዉት። በጾም ዓሣ ለሚበሉ፣ ለሰላጣ፣ ለሎሚ የበዛበት ዶሮ ጥብስ ነጭ ወይን ይሞከር። ሮዜ ቀዝቅዞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ምግብም ይጠጣል።

ጣፋጭ ወይን። አክሱማይት የሚታወቀው በጣፋጭነቱ ነው። ይህ የምሳ ወይን አይደለም። በትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ በኋላ ነው። ሐረር ከሄዳችሁ ሐላዋ ግዙና አብራችሁ ሞክሩት። ፈቲራ በማርም ያስኬዳል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይጠጣም።

ጠጅ ከማር የሚጣል ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር አስወጥቼዋለሁ። በራሱ ሚዛን መመዘን አለበት።

ብራንዲና «ኮኛክ»። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ግራ የሚያጋባው ይኼ ነው።

ብራንዲ ማለት የወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚገኝ መጠጥ ነው። 40 በመቶ ገደማ የሆነ አንድ ሊትር ብራንዲ ለማግኘት አራት ሊትር ገደማ ወይን ያስፈልጋል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ውስጥ ይከርማል። ቀለሙን፣ የቫኒላና የደረቀ ፍራፍሬ ሽታውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ኮኛክ ደግሞ በምዕራብ ፈረንሳይ በዚያው ስም በሚጠራ አካባቢ የተሠራ፣ ሁለት ጊዜ የተነጠረና ቢያንስ ሁለት ዓመት በባሉጥ በርሜል የቆየ ብራንዲ ብቻ ነው።

እኛ አገር ግን «ኮኛክ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ቡናማ ጠንካራ መጠጥ ይውላል። በአገራችን የመጠጥ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት አልኮል በብዛት የሚነጠረው ከሞላሰስ ነው። ሞላሰስ ከሸንኮራ ስኳር ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነው። ንጹሕ አልኮሉ ላይ ማጣፈጫና የካራሜል ቀለም ሲጨመርበት ጠርሙሱ ላይ ኮኛክ ወይም ብራንዲ ይባላል። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። ንጽሕናው የተጠበቀ የፋብሪካ መጠጥ ነው። ግን ከወይን የተነጠረ ብራንዲ ዋጋ አይከፈልበትም። አራት ሊትር ወይን ምን ያህል እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ከአንድ ጠርሙስ ደህና ወይን ያነሰ ዋጋ ካለው ከወይን ሊሆን አይችልም። ከዚህ የቀለለ መለያ የለም።

ቤት ውስጥ የማደርጋቸው ሁለት ሙከራዎችም አሉ። ጥቂት ጠብታ መዳፌ ላይ አድርጌ አሸዋለሁ፤ አልኮሉ ይበርራል። የቀረው ሽታ የፍራፍሬና የእንጨት ከሆነ ጥሩ ነው። የከረሜላ ወይም የቫኒላ ሽቶ ብቻ ከሆነ የተጨመረ ነው። ሌላው፣ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጠብታ ትቶ ማደር ነው። ጠዋት ጣት ላይ በጣም የሚጣበቅ ከሆነ ስኳር በዝቶበታል።

እንዴት ይጠጣ? ሐረር ላይ፣ ማታ፣ ጋቢ ተለብሶ፣ ብቻውን በትንሹ። ከሐረር ቡና ጎን አንድ መለኪያ ብራንዲ ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ የቡናው የፍራፍሬ ቃና ከእሱ ጋር ይገጥማል። ድሬ ላይ በአምቦ ውሃና በበረዶ ይሻላል። የሞላሰሱን ብራንዲ ሻይ ውስጥ ወይም ከለስላሳ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ለዚያ ይሆናል። ብራንዲ ሙቀትን ከወይን ይልቅ ይችላል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ትልቅ ብልጫው ይህ ነው።

ማሸጊያው የተነካካ፣ ስም የሌለው ወይም በሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ መጠጥ በምንም ዋጋ አትግዙ። በአግባቡ ያልተነጠረ ወይም የተደባለቀ አልኮል ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላል።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| ዓይነት | የድሬን ሙቀት መቻሉ | የሚቀርብበት ሙቀት | የሚስማማው ምግብ | ከተከፈተ በኋላ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደረቅ ቀይ (ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ) | ደካማ | 16–18 ዲግሪ | የሰባ ጥብስ፣ ቁርጥ | 3–5 ቀን ፍሪጅ ውስጥ | ከፍ ያለ |
| ጉደርና መሰሎቹ | መካከለኛ | 14–16፤ ቢቀላቀል በበረዶ | ፓስታ፣ የድግስ ምግብ | 3 ቀን ገደማ | ዝቅ ያለ |
| መካከለኛ ጣፋጭ | መካከለኛ | 10–14 | ዶሮ ወጥ፣ ሳምቡሳ፣ ሩዝ በሥጋ | 4–5 ቀን | መካከለኛ |
| ነጭና ሮዜ | ደካማ፤ አዲስ ይገዛ | 8–12 | ዓሣ፣ ሰላጣ፣ ዶሮ ጥብስ | 3–4 ቀን | ከመካከለኛ እስከ ከፍ ያለ |
| ጣፋጭ (አክሱማይት) | መካከለኛ | 10–12 | ሐላዋ፣ ፈቲራ | ከሳምንት አይበልጥም | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ከወይን የተነጠረ ብራንዲ | ጥሩ | እንደ አየሩ | ከቡና ጋር፣ ከእራት በኋላ | ወራት | ከሁሉም ከፍ ያለ |
| የሞላሰስ ብራንዲ / «ኮኛክ» | በጣም ጥሩ | በበረዶ ወይም በሻይ | ለመቀላቀል | ወራት | ዝቅ ያለ |

የዋጋ ደረጃውን ብር ሳልጠራ የጻፍኩት ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነው። ደረጃው ግን ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ለማን የቱ?

ድሬ ላይ ከሰላሳ ሰው በላይ ልትጋብዙ ከሆነ ከደረቅ ቀይ ራቁ። ገሚሱ ሰው አይጠጣውም፤ ሁሉንም ማቀዝቀዝም አይቻልም። ሁለት እጅ መካከለኛ ጣፋጭ፣ አንድ እጅ ጉደር ግዙ። ለሰው ሁለት ብርጭቆ ካሰባችሁ ለአምስት ጠጪ ሁለት ጠርሙስ ይበቃል። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ የማይጠጡ ይሆናሉ፤ እነሱን ሳትቆጥሩ አስሉ። ለማይጠጡት ደግሞ ቀዝቃዛ የብርቱካን ጭማቂ ወይም ሶፊ (አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ) ቀድሞ ይዘጋጅ እንጂ መጨረሻ ላይ አይፈለግ።

ለሁለት ሰው እራት፣ ሐረር፣ ጥሩ ሥጋ ካገኛችሁ አንድ ጠርሙስ ሲራ ውሰዱ። ያ ገንዘብ የሚወጣለት እዚያ ነው። ቤት ድሬ ከሆነና ፍሪጅ ካላችሁም ይቻላል፤ ካልሆነ ግን ያንኑ ብር ለመካከለኛ ጣፋጭ አውጡት።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ጉደር በአምቦ ውሃና በሎሚ። አንድ ጠርሙስ ከአምስት ብርጭቆ ወደ ስምንት ዘጠኝ ይደርሳል፤ ስካሩም ይቀንሳል።

ማታ ማታ ብቻችሁን ትንሽ የምትጠጡ ከሆነ ብራንዲ ይሻላችኋል። ወይን ከፍታችሁ ሳትጨርሱት ይበላሻል። ከወይን የተነጠረውን አንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ ለሁለት ወር ማቆየት በሳምንት ሁለት ጠርሙስ ርካሽ ወይን ከመክፈት ይቀላል።

ለስጦታ ከሆነ መጀመሪያ የሰውየውን ቤት እወቁ። ድሬም ሐረርም አልኮል የማይገባባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። የማይጠጣ ሰው ቤት ጠርሙስ ይዞ መግባት ሰውየውን ያሳፍራል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሐላዋና ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ሕጉም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የምርቃት ስጦታ የምትገዙ ይህን አስታውሱ።

ለታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ከሩቅ እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ግዙ። በዚያ ሰሞን ከተማው በሰው ይሞላል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ደግሞ መስኮት ላይ የከረመው ነው። ታኅሣሥ ድሬም ቢሆን ለስለስ ስለሚል ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ አያስቸግርም።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ?

ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙት። ከሞቀ ተዉት። አንገቱን እዩ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ትንሽ ብቅ ብሎ ከሆነ ሙቀት ገፍቶታል። ከክዳኑ ሥር የደረቀ፣ የሚያጣብቅ ፍሳሽ ካለም እንዲሁ። የወይኑ ከፍታ ከጎኑ ካሉት ዝቅ ካለ አየር ገብቶበታል። የተመረተበትን ዓመት አንብቡ። የአገራችን ወይኖች በብዛት በወጣትነታቸው እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው። «የቆየ ይሻላል» የሚለው ለእነዚህ አይሠራም፤ በተለይ ቆይታው ድሬ ከሆነ።

ድሬ ገዝታችሁ ሐረር የምትወስዱ ከሆነ ጠዋት ውጡ። ጠርሙሱን የመኪናው ኋላ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እግር ሥር፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። የደንገጎን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ አየሩ ራሱ ያግዛችኋል። ሲመለስ የሚነዳው ሰው ግን ከዚያ ጠርሙስ አይቅመስ። የደንገጎን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ያየ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

እና ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ሻጩ እጁን ወደ መስኮቱ ሲዘረጋ ቶሎ በሉ፦ «አቦ፣ ከጓዳ ካልተከፈተ ካርቶን አውጣልኝ።» የእኔ ደንበኛ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። አሁን ግን ገና ከደጅ ስታየኝ ጓዳ ትገባለች። ከመስኮቱ ላይም ጠርሙሶቹን አንስታ ባዶ ካርቶን ደርድራበታለች።